ለቅሶ

ለቅሶ በኢትዮጵያ ሰው ሲሞት ቤተሰብ፣ ጎረቤትና ወዳጅ ተሰብስቦ የሚያዝንበትና ሐዘንተኛውን የሚያጽናናበት ማኅበራዊ ሥርዓት ነው። ቃሉ «አለቀሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ቢሆንም ትርጉሙ እንባ ከማፍሰስ ይሰፋል። «ለቅሶ መድረስ» ማለት ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ አብሮ መቀመጥ ማለት ነው፤ የሄደው ሰው «ለቅሶ ደራሽ»፣ የሐዘኑ ባለቤት ቤት ደግሞ «ለቅሶ ቤት» ይባላል። ለሠርግ ጥሪ ያስፈልጋል፤ ለለቅሶ ግን አያስፈልግም። የሰማ ሁሉ ይሄዳል። ሰምቶ የቀረ ሰው ይወቀሳል፣ አንዳንዴም ይቀየማሉ።

ሥርዓቱ የተሠራው በመሠረቱ አንድ ቤት ሲያዝን ሌላው ቤት እንዲደግፈው ተብሎ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሞት ግን አጽናኙና ሐዘንተኛው አንድ ይሆናሉ። የመሬት መንሸራተት፣ የአውሮፕላን አደጋና ጅምላ ግድያ የመሳሰሉ አደጋዎች ሲደርሱ ለቅሶ እንዴት እንደሚካሄድ ከዚህ በታች በተለየ ክፍል ተገልጿል።

መርዶ

የሞት ዜና «መርዶ» ይባላል። ዜናውን መንገር «ማርዳት»፣ የሚናገረው ሰው «መርዶ ነጋሪ» ነው። በልማዱ መርዶ በድንገት፣ በስልክ ወይም ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። የቅርብ ዘመዶችና ሽማግሌዎች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚነገርና ሐዘንተኛውን ማን እንደሚይዘው ይወስናሉ። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ማለዳ ነው። ምክንያቱም ቀኑ ገና ስለሆነ ሰው ለመሰብሰብ ይመቻል፣ ሐዘንተኛውም ሌሊቱን ብቻውን አያድርም። የታመመ፣ ያረገዘች ወይም ፈተና ላይ ያለ ሰው ከሆነ መርዶው ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

መርዶ ነጋሪዎቹ በር ላይ በቡድን ሲታዩ ሐዘንተኛው ሳይነገረው ነገሩን ይረዳል። ሰዎቹ እንዳይጎዳ ይይዙታል፣ አብረውት ያለቅሳሉ፣ ጥቂት ቆይቶም ድንኳን ይተከላል። የሥርዓቱ ዓላማ ሐዘኑን ማስቀረት አይደለም። ሐዘንተኛው ዜናውን በሰማባት ደቂቃ ብቻውን እንዳይሆን ማድረግ ነው።

እድር

እድር አባላት በየወሩ መዋጮ እያዋጡ ሞት ሲደርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። በከተማ በሰፈር፣ በመሥሪያ ቤት፣ በትውልድ አካባቢ ወይም በጾታ ይቋቋማል፤ የሴቶች እድርና የወንዶች እድር ለየብቻ የሚኖርበት ሰፈር ብዙ ነው። ገንዘብ በዙር ከሚደርስበት ከእቁብ የሚለየው የእድር ገንዘብ የሚወጣው በዋናነት ለሐዘን በመሆኑ ነው። አብዛኞቹ እድሮች የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አላቸው።

አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት እድሩ የሚያደርጋቸው ነገሮች በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው፦

- ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በደንቡ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል
- ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ ያቀርባል
- ጡሩንባ ነፊ ልኮ ወይም ዛሬ ዛሬ በስልክ መልእክት አባላቱን ይጠራል
- አባላቱ በቀብር እንዲገኙና ለቅሶ ቤት በተራ እንዲቀመጡ ያደርጋል፤ የቀረን ይቀጣል

ቅጣቱ ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእሱ ምክንያት ድሃም ሆነ ዘመድ የሌለው ሰው ያለቀባሪ አይቀርም። ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ሰው በገደለባቸው ዓመታት በተለይ በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ሥራቸውን ከቀብር አልፈው የታመሙትን ወደ መንከባከብና ወላጆቻቸውን ያጡ ሕጻናትን ወደ መርዳት አስፍተዋል።

በለቅሶ ቤት

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ደራሹ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ወይም ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። የቅርብ ቤተሰብ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ብዙዎች ጥቁር ልብስ ይለብሳሉ፤ ይህም «ከል መልበስ» ይባላል። ሴቶች ነጠላቸውን ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዘቅዝቀው ያደርጋሉ፤ በአለባበሱ ብቻ ሐዘን እንዳለ ይታወቃል።

በሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም የሚባልበት ጊዜ ነው። ጎረቤትና ዘመድ ከየቤቱ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ምግብ «እዝን» ይባላል። ለመጣው ሰው ንፍሮና ቡና ይቀርባል። ሐዘንተኛው አልበላም ሲል በግድም ቢሆን ጥቂት እንዲቀምስ ይደረጋል። ቅርብ ወዳጆች ለሦስት ቀን ያህል እዚያው ያድራሉ። ወንዶች ሌሊቱን ካርታ እየተጫወቱ ማንጋታቸው በከተማ የተለመደ ነው፤ ቤቱ ጭር እንዳይል ያደርጋል።

ሙሾ

ሙሾ ሟቹን በግጥምና በዜማ እያነሱ የሚለቀስበት ቃላዊ ጥበብ ነው። የሚያወርደው ሰው ሙሾ አውራጅ፣ አልቃሽ ወይም አስለቃሽ ይባላል፤ በብዛት ሴቶች ናቸው። አስለቃሿ የሟቹን ሥራ፣ ዘር፣ ደግነትና ያልተፈጸመ ምኞት ታነሳለች፣ ሌላው እየተቀበለ ያለቅሳል። በገጠር በትልቅ ለቅሶ የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃ ወይም ፈረስ በለቅሶው መካከል ይታያል። በከተማ ፎቶግራፉ ይያዛል። ደረት መምታት፣ ፊት መንጨትና ጸጉር መላጨትም ነበሩ። የሃይማኖት አባቶች ሰውነትን መጉዳትን ስለሚከለክሉና አኗኗር ስለተለወጠ እነዚህ ልማዶች፣ ሙሾም ጭምር፣ በከተሞች እየቀነሱ መጥተዋል።

የማጽናኛ ቃላት

ለቅሶ ደራሽ ብዙ እንዲናገር አይጠበቅም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ሲወጣ አጭር ቃል ይናገራል። በብዛት የሚሰሙት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር» እና «ሌላ ሐዘን አያሰማችሁ» ናቸው። በሙስሊሞች ዘንድ «አላህ ይዘንለት» እና «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይባላል። የሞቱን ሁኔታ ከሐዘንተኛው ከራሱ መጠየቅ ነውር ነው፤ ማወቅ የፈለገ ከጎን ያለውን ዘመድ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃል።

የሃይማኖት ሥርዓት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለሟች ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ከቀብር በኋላ መታሰቢያ ከሚደረግባቸው ቀናት መካከል ሦስተኛው ቀን (ሰልስት)፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛውና 80ኛው ቀን፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ይገኙበታል። ለነፍስ መታሰቢያ የሚደረገው ግብዣ ተዝካር ይባላል፤ በብዛት በ40ኛው ቀን ይሆናል፣ ካህናትና ድሆችም ይመገባሉ።

በእስልምና ሟቹ ታጥቦና ተከፍኖ፣ ሶላተል ጀናዛ ተሰግዶበት በተቻለ ፍጥነት ይቀበራል። ማጽናናቱ «ተዕዚያ» ይባላል፤ በተለምዶ ሦስት ቀን ይቆያል። ባሏ የሞተባት ሴት ግን ለ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት ተዝካር የለም፤ ምዕመናን በሐዘንተኛው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ የማጽናኛ ቃል ይሰማሉ።

በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል አንድ ሰፈር ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ስለሚኖሩ፣ በአንዱ ቀብር ላይ ሌላው መገኘቱ የተለመደ ነው።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሞት

የሊቢያው ግድያ

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ታጣቂ ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል አሠራጨ። የተገደሉት ወደ 30 ይጠጋሉ። ከሟቾቹ መካከል በአዲስ አበባ የጨርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩበት። ቤተሰቦቻቸው የሞታቸውን ዜና ያወቁት በሽማግሌ ሳይሆን ከተሠራጨው ምስል ላይ ልጆቻቸውን በመለየት ነው። ስለዚህ የመርዶ ሥርዓት ያለው ጥበቃ ሁሉ አልነበረም፤ ሐዘንተኛውን የሚይዝ ሰው ሳይዘጋጅ፣ ሰዓቱ ሳይመረጥ፣ ከሞቱ ጋር የአሟሟቱ ሁኔታም አብሮ ታየ። አስከሬን ስላልነበረም ቀብር አልተደረገም። በጨርቆስ ድንኳን ተተክሎ ከከተማው ልዩ ልዩ ክፍሎች የመጣ ሰው፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ለቅሶ ደረሰ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ።

የቆሼ አደጋ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በሚገኘው፣ ረጲ ወይም ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። ፍለጋው ለቀናት ስለቀጠለ አንዳንዱ ቤተሰብ ቀብሮ ሲመለስ ሌላው ገና አስከሬን ይጠብቅ ነበር። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው የሞተበትም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአንድ ሰፈር እድር ብቻውን አይበቃም፤ ለአንድ ሐዘን የተያዘው ድንኳንና ገንዘብ በአንድ ቀን ለብዙ ቤት ይፈለጋልና። ስለዚህ ከሌላ ሰፈር የመጡ ሰዎችና ድርጅቶች ምግብ፣ ልብስና ገንዘብ ሰበሰቡ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

የበረራ ቁጥር 302 አደጋ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች፣ ሞቱ። ሟቾቹ ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች ነበሩ።

አውሮፕላኑ በከፍተኛ ፍጥነት መሬት ውስጥ ስለገባ ሙሉ አስከሬን አልተገኘም። መጋቢት 8 ቀን በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተደረገው ሥርዓት በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ 17 ባዶ ሣጥኖች ቀረቡ። ለቤተሰቦች ከአደጋው ስፍራ የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው። የሟቾችን ማንነት በዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) መለየት ወራት ፈጀ፤ ከዚያ በኋላ የተለየው አጽም ለየቤተሰቡ ተላከ፣ ያልተለየው በስፍራው ተቀበረ።

በስፍራው የሚኖሩ የኦሮሞ አርሶ አደሮች ሟቾቹን አያውቋቸውም ነበር። ሆኖም በቡድን እየሄዱ በባህላቸው መሠረት አለቀሱላቸው፣ ከሩቅ አገር የመጡ ቤተሰቦችንም ደግፈው አጽናኑ።

የጎፋ የመሬት መንሸራተት

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስቦ ሲቆፍር ሐምሌ 15 ቀን መሬቱ እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ከባድ ማሽን ሊደርስ ስላልቻለ ፍለጋው በእጅና በአካፋ ተካሄደ። በዚህ አደጋ የሞቱት በተለምዶ ለቅሶ የሚደርሱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቀብሩንም፣ እዝኑንም፣ ማጽናናቱንም የአጎራባች ቀበሌና ወረዳ ነዋሪዎች ተሸከሙት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

አስከሬን ሳይገኝ

አስከሬን ያልተገኘለት ሞት ለሐዘንተኛው ከባድ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ሥርዓቱ መነሻ ስለሚያጣ ነው። ሰልስትም ሆነ አርባ የሚቆጠረው ከአንድ የታወቀ ቀን ተነሥቶ ነው። ቤተሰቡ «ምናልባት በሕይወት ይኖር ይሆናል» በሚል ተስፋና በሐዘን መካከል ይቆያል። ከል ይልበስ ወይስ አይልበስ፣ ድንኳን ይተከል ወይስ ይጠበቅ፣ የሚለው ራሱ በቤተሰብ መካከል አለመግባባት ሊፈጥር ይችላል፤ ለአንዱ መቀበል የሆነው ለሌላው ተስፋ መቁረጥ ይመስለዋል። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ሐዘን ከሌላው ለይተው ያዩታል። አፈር ማምጣት፣ ፎቶግራፍ አስቀምጦ ማልቀስ፣ የአደጋውን ቀን ሙት ዓመት አድርጎ መያዝ ቤተሰቦች ለሐዘኑ መነሻ ለመስጠት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች መካከል ናቸው።

ለቅሶና የአእምሮ ጤና

ከአደጋ በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ መደንዘዝ፣ ቁጣ፣ «እኔ ለምን ተረፍሁ» የሚል ጸጸትና ሟቹን ያዩ መምሰል ብዙ ሰዎች ላይ የሚታዩ ስሜቶች ናቸው። በራሳቸው በሽታ አይደሉም። አብዛኛው ሰው በቤተሰቡና በጎረቤቱ ድጋፍ ከጊዜ ጋር ይጽናናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ተግባራትን ያስቀምጣል፦ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። ይኸውም ስፍራው ደኅና መሆኑንና ማን አስቸኳይ እርዳታ እንደሚፈልግ ማየት፤ ሰውየውን ሳያስገድዱ ማዳመጥ፤ ከቤተሰቡ፣ ከአገልግሎትና ከመረጃ ጋር ማገናኘት ነው። መመሪያው የደረሰበትን በዝርዝር እንዲናገር ማንንም መገፋፋት እንደማያስፈልግ ይገልጻል። ይህ ከለቅሶ ልማድ ጋር በብዙ ነገር ይስማማል፤ ለቅሶ ደራሽ አጠገብ ይቀመጣል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ስለ አሟሟቱ አይጠይቅም።

ሁለቱ የሚለያዩበትም አለ። «አታልቅስ፣ አንተ ወንድ ነህ»፣ «ሌሎች ልጆች አሉሽ» ወይም «ከአንቺ የባሰ አለ» የሚሉ ቃላት ለማጽናናት ቢነገሩም ሐዘንተኛው ሐዘኑን እንዲደብቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ለሕጻናት «ሄዷል፣ ይመጣል» ብሎ መንገርም የተለመደ ነው፤ ባለሙያዎች ግን በዕድሜያቸው በሚገባቸው ግልጽ ቃል እውነቱ እንዲነገራቸው ይመክራሉ። የሚጠብቅ ሕጻን ሰውየው ሲቀር እንደተተወ ሊሰማው ይችላልና።

ሌላው ጉዳይ የጊዜ ነው። ድንኳኑ ሲነሣ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል፣ ለብዙ ሐዘንተኞች የብቸኝነት ጊዜ የሚጀምረውም ያኔ ነው። አርባና ሙት ዓመት ሰዎችን መልሰው የሚያሰባስቡ በመሆናቸው ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ። ሐዘኑ ከ6 ወር በላይ ሳይቀል ቆይቶ ሰውየው ሥራውን መሥራት፣ ልጆቹን መንከባከብ ወይም ራሱን መጠበቅ ካቃተው፣ ወይም በማንኛውም ጊዜ ራሱን ስለ ማጥፋት ከተናገረ፣ የጤና ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ሕክምና መስጫ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ይሰጣል።

በስደት ያሉ ማኅበረሰቦች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እድር አቋቁመዋል። የእነዚህ እድሮች አንዱ ዋና ወጪ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ነው። የመርዶ ልማድም አብሮ ተሰድዷል፤ አገር ቤት ዘመድ ሲሞት ቤተሰቡ በቀጥታ ለሟቹ ልጅ አይደውልም። ለጓደኛው ይደውላል፣ ጓደኛውም ሌሎችን ሰብስቦ ሐዘንተኛው ሥራ በማይገባበት ቀን ማለዳ በሩን ያንኳኳል። ማኅበራዊ መገናኛ ይህን ልማድ አስቸጋሪ አድርጎታል። ፎቶግራፍና «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ቀድሞ ከተለጠፈ ሐዘንተኛው መርዶውን ብቻውን ከስልኩ ሊያነብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች መርዶ ሳይነገር ምንም ነገር እንዳይለጠፍ ይማጠናሉ።

በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ደግሞ የራሳቸው የጋራ ሐዘን አላቸው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሱዳን በኩል በእግር ሲሰደዱ በመንገድና በመጠለያ ካምፖች በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ የተቀበሩበት ስፍራ አይታወቅም ወይም ሊደረስበት አይቻልም። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ በየዓመቱ በአይሁድ አቆጣጠር ኢያር 28 ቀን፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በስፍራው ይፋ ሥርዓት ይደረጋል። መቃብር የሌላቸው ቤተሰቦች የሚያለቅሱት እዚያ ነው።

የጋራ መታሰቢያ

አንዳንድ ሐዘኖች የቀጥታ ቤተሰብ ካለፈም በኋላ ይታሰባሉ። በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪዎች ነዋሪውን መፍጀት ጀመሩ፤ ጭፍጨፋው ለሦስት ቀን ቀጠለ። ቀኑ እስከ ዛሬ የሰማዕታት ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በስድስት ኪሎ በሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት ሥር በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ለሟቹ በቤቱ የሚደረገው ሙት ዓመት በዚህ መልኩ የአንድ ከተማ፣ ከዚያም የአገር ሙት ዓመት ሆኗል።